መቀሱን የሚይዘው ማን ነው?

ሰኔ ሲገባ በደቡብ ወሎዋ ደጎሎ ላይ ቀሚስ ያጥራል። ፋሽን መጥቶ አይደለም፤ ጭቃው ነው። የጃማ ሜዳ በጋ ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ ክረምት ላይ ደግሞ የያዘውን የማይለቅ ዋልካ ነው። የቀሚስ ዘርፍ አንዴ ከነካው ጭቃውን እስከ ማታ ተሸክሞ መዋል ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሲጀምር በዋናው መንገድ ዳር፣ በየሱቁ በረንዳ ስፌት መኪና ዘርግተው የተቀመጡት ሰፊዎች ፊት ሴቶች በፌስታል የተቋጠረ ልብስ ይዘው ይቆማሉ። «ሁለት ጣት ብቻ አሳጥርልኝ።» ሰፊው ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ ይመልሳል፤ «ነገ ነይ።»

ነገ ሲኬድ ከነገ ወዲያ ይሆናል። ሰው ይህን የሰፊ አመል አድርጎ ያወራዋል። እኔ ግን አመል አይመስለኝም። የአንድ ወረዳ ከተማ ሰው ሁሉ ልብስ የሚያሰፋው በአንድ ሰሞን ነው። መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ከዚያ መስቀል፣ ከዚያ ጥምቀት፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ተጋርቶ በሚኖርበት በዚህ አገር ደግሞ ሁለቱ ዒዶች አሉ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያለ ሕዝብ ቀሚሱን የሚያስታውሰው የከተራ ዋዜማ ላይ ነው። በዓሉ ሲያልፍ መኪናው ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ሰፊው የመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ «ነገ» ካላለ የከርሞ እንጀራው ይጎድላል።

ልብሳቸውን ራሳቸው ሰፍተው ለመልበስ የሚነሱ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከዚህ «ነገ» ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የራስን ልብስ መስፋት የዕረፍት ቀን መዝናኛ ሆኗል፤ ጨርቁ ራሱ ከተሰፋው ልብስ የሚወደድበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚህ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዩኒፎርም የሚያስፈልጋቸው ሦስት ልጆች ያሏት እናት፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ ምን እንደምትሠራ ያልቆረጠች ወጣት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያላለፈው ልጅ፣ ሁሉም የሚመጡት ለደስታ ሳይሆን ለጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ ሲሰማ፣ የእጅ ሙያን የናቀ ቤተሰብ ሁሉ ቆም ብሎ አስቧል።

የወንድ መርፌ፣ የሴት ወስፌ

በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሰፊዎች ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። ይህ የቆየ ነገር ነው። በደጋው አማራ ጥጥ መፍተል የሴት ሥራ ሲሆን መሸመንም መስፋትም የወንድ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደዚህ አገር የመጡ ፈረንጅ ተጓዦች ወንዶች ልብስ ሲሰፉ፣ አልፎም ወንዝ ወርደው ሲያጥቡ አይተው ተገርመው ጽፈዋል። የቆሎ ተማሪ ደበሎው ሲቀደድ የሚጠቅመው ራሱ ነው። ከጃማ ወደ ላይ ባለው ውርጫም ደጋ የበግ ፀጉር ተፈትሎ ባና እና በርኖስ ሲሠራም ፈትሉ በሴት፣ ሽመናው በወንድ እጅ ነበር።

ሴቶቹ ግን መውጋትና ማጥበቅ ያውቃሉ። ወሎ ውስጥ ያደገች ሴት ስንደዶና አክርማ ይዛ፣ በወስፌ እየወጋች፣ ዙር በዙር መሶብ ስትሰፋ ዓይኗ እኩልነትን፣ እጇ ልክ ማጥበቅን ተምሯል። ኋላ ትምህርት ቤት ሲመጣ «የእጅ ሥራ» የሚባል ክፍለ ጊዜ ተጨመረ። የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ከቀለሙ ጎን መርፌና ክርም ነበረበት። በየክፍለ ሀገሩ የተማሩ እናቶች የትራስ ልብስ ላይ አበባ ጠልፈው፣ ለጠረጴዛው ዳንቴል ሠርተው ያደጉ ናቸው። ደርግ መሃይምነትን ለማጥፋት በተነሳበት ዘመንም በየወረዳው በተቋቋሙት የኅብረተሰብ ክህሎት ማሠልጠኛ ጣቢያዎች ልብስ ስፌት ከአናጢነትና ከሸክላ ሥራ ጋር ይሰጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ጥልፍና ዳንቴል ሌላ፣ ልብስ መቁረጥ ሌላ ነው። ያ ትምህርት ሴቷን ልብስ እንድታስጌጥ አስተማራት እንጂ ልብስ እንድትሠራ አላስተማራትም። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ይህን ሲያነሡ ይቆጫሉ፤ ስንት ዓመት ሙሉ የሶፋ ልብስ ጠልፈው ለራሳቸው አንድ ጉርድ ሳይሰፉ እንደቀሩ ይናገራሉ።

እግር ሲቀድም፣ እጅ ሲዘገይ

መኪናው «ሲንጀር» ነው። ከቻይና የመጣ ባተርፍላይ ቢሆንም፣ ሌላም ስም ቢጻፍበት፣ በሰው አፍ ሲንጀር ነው። አይዛክ ሲንጀር የባለቤትነት ማረጋገጫውን አሜሪካ ላይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ ዋናውን ብልሃት ግን ከእሱ በፊት ኤልያስ ሃው በ1846 አስመዝግቦት ነበር። የእጅ መርፌ ቀዳዳዋ በኋላዋ ነው። የመኪናዋ መርፌ ቀዳዳ ግን ጫፏ ላይ ነው። መርፌዋ ጨርቁን ወግታ ወርዳ ስትመለስ ክሩ ከታች ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ የሚሽከረከረው መንጠቆ ቀለበቱን ይዞ ቦቢኑን ያዞርበታል፤ የላይና የታች ክር በጨርቁ መሀል ይቆላለፋሉ። ሌላው ብረት ሁሉ ለዚህ አንድ ነገር አገልጋይ ነው። ፋብሪካ ያራቆተውን የሕንድን ሸማኔ ይዘው በማሽን ላይ የዘመቱት ጋንዲ እንኳ ይህችን መኪና ለይተው ምረዋታል።

አሮጌዎቹ የእግር ሲንጀሮች ከተሠሩባቸው ፋብሪካዎች ትልቁ ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ የነበረው ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘጋ። መኪናዎቹ ግን ዛሬም ይሠራሉ። መብራት በሚሄድበት ከተማ በኤሌክትሪክ ከሚሠራው ይልቅ ጠፍር ያለው፣ በእግር የሚመታው ይመረጣል። ካውያውም የከሰል ነው።

ጀማሪን የሚያስለቅሰው መጀመሪያ እግር ነው። ፔዳሉ ሲመታ መዘውሩ ወደፊትም ወደኋላም ሊዞር ይችላል፤ ወደኋላ ከዞረ ክሩ ይጠላለፋል፣ ይበጠሳል። ስለዚህ መዘውሩን በቀኝ እጅ ወደ ራስ ገፋ አድርጎ ካስነሱ በኋላ እግሩ መቀጠል አለበት። እግር ይቀድማል፣ እጅ ይዘገያል፤ ወይም እጅ ጨርቁን ይጎትትና መርፌው ይሰበራል። ጨርቁን የሚገፋው ከተጫኙ እግር ሥር ያለው ጥርስ ስለሆነ የእጅ ሥራ መምራት ብቻ ነው። ይህን ሰምቶ ማወቅና እጅን ማሳመን የተለያዩ ናቸው።

ደህና አስተማሪ በመጀመሪያው ቀን ክር አይሰጥም፤ መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ነው የሚሰጠው። ጀማሪዋ ክር በሌለው መርፌ መስመሩን ተከትላ ትሰፋለች፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀሩት ቀዳዳዎች ከመስመሩ የወጣችበትን ቦታ ያሳያሉ። ቀጥታው ሲለመድ አራት ማዕዘን ይመጣል፤ ጥግ ላይ ሲደርሱ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አቁሞ፣ ተጫኙን አንሥቶ ማዞር። ከዚያ የቀንድ አውጣ ቤት የመሰለ ክብ። ከዚያ በኋላ ነው አቡጀዲ የሚመጣው።

አቡጀዲ ራሱ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ሸቀጥ ዋናው የአሜሪካ አቡጀዲ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ የጃፓን ጥጥ ገበያውን ወሰደው። ኋላ ድሬዳዋ፣ አቃቂ፣ ባሕር ዳር፣ በደርግ ጊዜም እዚሁ ደቡብ ወሎ ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተከሉ። የጀማሪ ጨርቅ ግን ዛሬም አቡጀዲ ነው፤ አይንሸራተትም፣ ድርና ማጉ በዓይን ይታያል፣ ቢበላሽም አያስቆጭም። ጀማሪ በሳቲን ይጀምር የሚል ሰው ካለ ጀማሪ አይወድም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ስለሚቆርጥ። ከጨርቁ ሥር ክሩ ተንዛዝቶ ከታየ ሰው ቦቢኑን ይወነጅላል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። የላዩ ክር በማጥበቂያው መሀል በትክክል አላለፈም፣ ወይም ላልቷል። ተጫኙን አንሥቶ እንደ አዲስ ክር ማስገባት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን «መኪናው ተበላሸ» ያድናል።

> ጥፋቱ የሚታየው ከታች ነው፤ ያለው ግን ከላይ።

ሽርጥ፣ ድሪያ፣ ጉርድ

የመጀመሪያው የተሰፋ ልብስ ብዙ ጊዜ ሽርጥ ነው። አንድ ስፌት ብቻ፤ ሁለቱን ጫፍ ገጥሞ መዝጋት። አባትየው ለብሶት ሲወጣ የልጅቷ ስም በሰፈሩ ይነሳል። ቀጥሎ የትራስ ልብስ፣ ቀጥሎ ድሪያ። ድሪያ ለጀማሪ የተሰጠ በረከት ነው፤ ጨርቁን ለሁለት አጥፎ፣ ለአንገት ከፍቶ፣ ጎንና ጎኑን መስፋት። ሰፊ ስለሆነ ስሕተት ይሸሸግበታል። ከዚያ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጉርድ ይከተላል።

ለትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ነገር መስፋት የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። ታጥቦ እንደገና የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ። መቀሌ ላይ ይህን በፋብሪካ ደረጃ ያስጀመሩት ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ሲመረጡ ነገሩ በአደባባይ ይበልጥ ተነገረ። ልጃገረዶች ራሳቸው በእጅ ሊሰፉት ይችላሉ፤ ጥጥ ጨርቅ ነው፣ ዙሪያውን መዘምዘም ነው፣ ቁልፍ መትከል ነው። አንዲት ሴት መምህር እንደምትለው፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳትቀር ከዋለች ከዚያ የበለጠ የስፌት ፈተና የለም።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ የጨርቅ ማስክ መጣ። ያን ሰሞን መኪና ያለው ሁሉ ሰፊ ሆነ። ብዙ ሴቶች ከዚያ በፊት ሸራ ለብሶ ጓዳ የተቀመጠውን የእናታቸውን ሲንጀር ያወጡት ያኔ ነው።

መቀሱ

እስከዚህ ያለው ሁሉ የሚለመድ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ነው። የተጣመመ ስፌት ይተረተራል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም።

ሰፊዎች ይህን ስለሚያውቁ መቀሱን ይጠብቃሉ። በረንዳ ላይ ሙያ የሚማር ልጅ ወለል ይጠርጋል፣ ከሰል ያቀጣጥላል፣ ቁልፍ ይተክላል፣ ዘርፍ ያጥፋል፣ ዓመት አልፎ መኪና ላይ ይቀመጣል። የሚቆርጠው ግን ጌታው ነው። ደሴም፣ መርካቶም ሄደው ቢያዩ ያው ነው፤ ቆራጭና ሰፊ ይለያያሉ፣ ገንዘቡም ክብሩም ወደ ቆራጩ ያደላል። ልጁ መቁረጥ የቻለ ቀን የራሱን በረንዳ ይፈልጋል፤ ጌታው ተፎካካሪ ማሳደጉን ያውቃል። ስስት ነው ብሎ ለመፍረድ አይቸኮል። ለጡረታ የሚሆን ሌላ ጥሪት የሌለው ሰው ያለው ሀብት ይኸው ነው።

ታዲያ መቁረጥ ውስጥ ምን አለ? መጀመሪያ ድር። የጨርቁ ድር በቁመት እንዲወርድ ካልተደረገ ልብሱ አንድ ቀን ታጥቦ ወደ ጎን ይዞራል፤ የጎኑ ስፌት ሆድ ላይ ይመጣል። ቀጥሎ ትርፍ። ልክን ለክቶ በልኩ የቆረጠ ሰው ስፌቱ የሚገባበትን ረስቷል፤ በየጎኑ የሚታጠፈው ሲደመር ልብሱ አንድ ቁጥር ያንሳል። ቀጥሎ አንገት። የፊቱ ይጎደጉዳል፣ የኋላው ጥቂት ብቻ፤ ሁለቱን እኩል የቆረጠች ጀማሪ ቀሚሷ ጉሮሮዋን ያንቃታል። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ሁለት የግራ እጅጌ ነው። ጨርቁን ሳያጥፉ፣ ወይም ፊቱንና ጀርባውን ሳያዩ ሁለት ጊዜ በአንድ አቅጣጫ መቁረጥ። ይህ ያልደረሰበት ሰፊ የለም፤ የሚያምን ግን ጥቂት ነው።

የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ ጭንቀቱ ይብሳል። ሸማኔው ጥለቱን የሠራው ለታሰበለት ቦታ ነው። ከታች ዘርፉ ላይ፣ ከፊት መሀል ላይ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ መዋል ያለበትን ጥለት አስተካክሎ ያልዘረጋ መቀስ ያንን ሁሉ ልፋት በአንድ ጊዜ ይበላዋል።

ባለ ዲፕሎማዎቹ መንገዱ ወረቀት ነው ይላሉ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በየደረጃው የሚሰጠው ሥልጠና መጀመሪያ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ የእጅ ርዝመት ያስለካል፤ ከዚያ በቀመር ወረቀት ላይ ፓተርን ያስነድፋል፤ መጨረሻ ላይ የብቃት ምዘና አለ። በረንዳው ላይ ያሉት አንጋፎች ደግሞ በዚህ ይስቃሉ። እነሱ ደንበኛው ከመንገድ ማዶ ሲመጣ ዓይተው ልኩን ይገምታሉ፤ በደረቀ የሳሙና ስባሪ ጨርቁ ላይ ሦስት ምልክት ያደርጋሉ፤ ይቆርጣሉ። የገበያ ቀን ጠዋት ጨርቅ የገዛ ገበሬ ከሰዓት በኋላ ቁምጣውን ለብሶ የሚመለሰው በዚህ ፍጥነት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጀማሪዋ ግን ያንን ዓይን በልመና አታገኘውም፣ ኮሌጁም ያለው ምናልባት ሌላ ከተማ ነው። ሦስተኛ መንገድ ያስፈልጋታል።

> የተጣመመ ስፌት ይተረተራል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም።

የምላጭ ትምህርት ቤት

ሦስተኛው መንገድ ልባሽ ጨርቅ ነው። ሳልቫጅ። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ከምሥራቅ ድንበር በኮንትሮባንድ እየገባ እዚህ ዋልካ ድረስ ይደርሳል፤ ገበያ ላይ በሸራ ተዘርግቶ ይከመራል። ከክምሩ ውስጥ የተቀደደ፣ ቀለሙ የሄደ፣ ማንም የማይገዛው ቀሚስ አለ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አላውቅም።

ሥራው ግማሽ ምላጭ ይዞ መተርተር ነው። ከዘርፉ ይጀመራል፤ በሦስት በአራት ስፌት መሀል ክሩን ቆረጥ፣ ከዚያ ሳብ፤ ጨርቁ ራሱ ይላቀቃል። ሲላቀቅ ምን ቀድሞ እንደተሰፋ በግልባጩ ይታያል። ዘርፉ መጨረሻ ስለተሰፋ መጀመሪያ ይፈታል፤ ትከሻው መጀመሪያ ስለተሰፋ መጨረሻ ይቀራል። ቀሚሱ የተሠራበትን ቅደም ተከተል ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ክፍሎቹ በካውያ ተተኩሰው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ይዘረጋሉ፣ በእርሳስ ዙሪያቸው ይሳላል። ትርፉ ጭምር በወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ የእጥፋቱ ምልክት ጨርቁ ላይ ስላለ የት እንደተሰፋ በግልጽ ይታያል።

እጅጌው ላይ ሲደርሱ ግን አንድ እንግዳ ነገር ያጋጥማል። የእጅጌውን ራስ ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሜትር ለክተው፣ እጅጌው የሚገጠምበትን የገላውን ቀዳዳ ቢለኩት አይገጥምም። እጅጌው ይበልጣል፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳንቲ ሜትር። ጀማሪዋ ደግማ ትለካለች። ስሕተት አይደለም። የትከሻ ጫፍ ክብ ስለሆነ ጨርቁ እዚያ ላይ ጥቂት መትረፍ አለበት፤ ያ ትርፍ እጥፋት ሳይታይ በጥቂት በጥቂቱ እየተሸሸገ ይሰፋል። በረንዳው ላይ ሰፊዎቹ በእጅ ጠቀም ጠቀም አድርገው ከዚያ በመኪና የሚያልፉት ለዚህ ነው። ስንት ልጅ ዓመት ሙሉ ጌታው እጅጌ ሲገጥም ቆሞ አይቶ ይህን ሳያውቅ ቀርቷል!

ይህን ያወቀች ሴት ቀጥላ የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ለምን ይህ ቆንጆ ቀሚስ እጄን ወደ ላይ አላስነሳ ብሎ ያዘኝ? የእጅጌው ራስ ከፍ ብሎ ጠበብ ሲል ልብሱ ተንጠልጥሎ ሲታይ ያምራል፤ እጅ ሲነሳ ግን ቀሚሱ በሙሉ ወደ ላይ ይሳባል። ራሱ ዝቅ፣ ክንዱ ሰፋ ሲል ብብት ሥር ትንሽ ይሸበሸባል፤ እጅ ግን ይፈታል። ሳልቫጁ የተቆረጠው ለሌላ ኑሮ ነው፤ ምናልባት ቢሮ ውስጥ ለምትቀመጥ ሴት። ጄሪካን በጀርባዋ የምታዝል፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ከብት የምታስገባ ሴት ሌላ እጅጌ ያስፈልጋታል። ሰፊው ይህን አይጠይቃትም፤ የሚሰፋው ፎቶ ላይ ያሳየችውን ነው። ራሷ የምትቆርጠው ግን ለምትሠራበት ክንድ ነው። ለእኔ የራስን ልብስ መስፋት ዋናው ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ የቁጠባ ወሬ ነው።

መስመር ላይ የቀሩ እጆች

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የኮምቦልቻው በዓመቱ ሲመረቁ ከገጠር የመጡ ሴቶች በሺዎች ወደ ስፌት ገቡ። ለዚህ ሙያ ከዚያ የሰፋ በር ተከፍቶ አያውቅም። በፋብሪካ መስመር ላይ ግን አንድ ሰው አንድ ስፌት ነው የሚሰፋው። አንዷ ኪስ ስትለጥፍ ትውላለች፣ አንዷ የግራ ጎን። አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ ስታስወጣ፣ የሰሜኑ ጦርነትም ኮምቦልቻን ሲነካ፣ ብዙዎቹ ወደ ቤት ተመለሱ። የተመለሰችው ሴት መኪና ላይ ስትቀመጥ ፍጥነቷን አይቶ በረንዳው ዝም ይላል። ስፌቷ እንደ ገመድ ቀጥ ያለ ነው። ኮሌታ ቁረጪ ቢሏት ግን ከትናንት ጀማሪ አትሻልም፤ ሙሉ ልብስ በእጇ ገብቶ አያውቅምና።

ከሳዑዲ በ2006 ዓ.ም. በገፍ የተመለሱት፣ ከዚያ ወዲህም የሚመለሱት ብዙ የወሎ ልጆች ደግሞ ከየፕሮጀክቱ የአጭር ጊዜ ሥልጠናና መኪና አግኝተዋል። ከመኪናዎቹ የተሸጡ አሉ። ለምን ሸጣችሁ ሲባሉ መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ ሥልጠናው መስፋት አስተምሮናል፣ የሚሰፋውን ግን ሌላ ሰው ይቆርጥልን ነበር።

ስልክ ይህን ክፍተት የሚሞላ መስሎ ነበር። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ በአማርኛ ቀሚስ የሚቆርጡ ሴቶች ሞልተዋል፤ አስቁሞ፣ መልሶ፣ ደጋግሞ ማየት ይቻላል፤ ጌታ ሰፊ ይህን ያህል አይታገሥም። ይሁንና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። መንገድ ሲዘጋ ብትን ጨርቁም፣ ክሩም፣ የመኪና መርፌውም ከደሴና ከአዲስ አበባ አይመጣም። በዚያ ጊዜ ደግሞ የድሮው ዘዴ ተመለሰ፤ ያለውን መተርተር፣ ያለውን መገልበጥ።

መኪና ለመግዛት ቀላሉ መንገድ እቁብ ነው። የሚያስቀው፣ ሲንጀር ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አሜሪካ ላይ የገነነው መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ብድር በመሸጡ ነው። እዚህ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ለቡድን ያበድራል፤ ሴቶቹ ግን እቁብን ያምናሉ። ዕጣ የወጣላት ትገዛለች፤ እስኪወጣላቸው የሚጠብቁት በእሷ መኪና ይለማመዳሉ።

ኮት

አንጋፎቹ ሰፊዎች ለጀማሪ የማይፈቅዱት አንድ ነገር ኮት ነው። በዚህ እውነት አላቸው። የኮት ደረት ውስጥ ጠንካራ ጨርቅ አለ፤ ኮሌታው በእንፋሎትና በካውያ ይታጠፋል፤ ገበሩ ከላዩ ጨርቅ ጥቂት ሰፋ ካላለ ኮቱን ይጎትተዋል። ደግሞም ኮት እዚህ ጌጥ አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የጃማ ሰው ጋቢው ላይ ኮት ደርቦ ነው የሚወጣው። ሳልቫጅ ውስጥም ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።

የቆየ ኮት ግን ይገለበጣል። ፊቱ በፀሐይ ሲነጣ ሙሉ በሙሉ ተተርትሮ፣ የውስጡ ወደ ውጭ ተደርጎ እንደ አዲስ ይሰፋል፤ የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚዞር የተገለበጠ ኮት ከሩቅ ይታወቃል። በአንድ ወቅት ይህ ለሰፊዎች ትልቅ ሥራ ነበር፤ አሁን ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። መተርተሩ አሰልቺ ስለሆነ አንድ አንጋፋ ሰፊ የሚያስገለብጥ ደንበኛ ሲመጣ ሠፈሩ ውስጥ ምላጭ መያዝ የምታውቀውን ልጅ ያስጠራታል። ቀን ሙሉ ትተረትራለች፣ ክሩን ትለቅማለች፣ ክፍሎቹን ለይታ ታስረክበዋለች። የሚከፍላት ትንሽ ነው። መቀሱን አልሰጣትም፣ ሊሰጣትም አላሰበም።

እሷ ግን ኮቱን ያስረከበችው በማግስቱ ነው። ማታውን እቤቷ እያንዳንዱን ክፍል የሲሚንቶ ወረቀት ላይ ገልብጣዋለች፤ ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ባለ ሁለት ቁራጩን እጅጌ፣ ኮሌታውን፣ ገበሩን ለብቻው። ወረቀቶቹ ተጠቅልለው ቁም ሣጥኑ ላይ ናቸው። የሚቀራት ሁለት ሜትር ተኩል ጨርቅና የእሱን ያህል ገበር ነው፤ ለዚያም የእቁቡ ዕጣ ቀጥሎ የእሷ ነው።